«ኦፍ» ሁሉ መጥፋት አይደለም፤ የእንግሊዝኛን ግስ ከነጭራው ለመያዝ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የእሳት አደጋ ደወሉ ጆሮ እያደነቆረ ይጮህ ጀመር። ወዲያው አለቃዬ ስልክ ደወለች።

«ዲድ ዚ አላርም ጎ ኦፍ?» አለችኝ።

እኔም በልበ ሙሉነት «ኖ፣ ኖ! ኢት ኢዝ ኦን!» አልኳት።

ዝም አለች። የደወሉ ጩኸት እኮ በስልኩ እየተሰማት ነው። ቆይታ «ጌት አውት!» ስትለኝ ያባረረችኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከሕንፃው ውጣ ማለቷ ነበር።

ትምህርት ቤት የነገሩኝ «ኦን» በራ፣ «ኦፍ» ጠፋ ማለት እንደሆነ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ላይም የተጻፈው እሱው ነው። ደወል «ጎ ኦፍ» አደረገ ሲባል ግን ጮኸ ማለት ነው። «ጎ»ን አውቀዋለሁ፣ «ኦፍ»ንም አውቀዋለሁ። ሁለቱ ሲጋጠሙ የሚወልዱትን ሦስተኛ ቃል ነው የማላውቀው።

ይህ መመሪያ እንደኔው ሰዋስው ተምሮ፣ ፈተና አልፎ፣ ሰው ሲያወራ ግን ግራ ለሚጋባ ሰው ነው። ግሱን ተከትላ የምትመጣዋን ትንሽ ቃል እዚህ «ጭራ» እላታለሁ። ሰዋስው መምህራን መስተዋድድ ወይም ሌላ ስም ይሰጧታል፤ ለኛ ሥራ ጭራ ትበቃናለች። እንግሊዝኛውን በፊደላችን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። እነዚህ ቃላት የሚያደናግሩን ስናነባቸው ሳይሆን ስንሰማቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ «ኦፍ» ስል በሁለት ኤፍ የሚጻፈው ነው። በአንድ ኤፍ የሚጻፈው ሲነገር «ኦቭ» ነው የሚባለው።

1. ከራሳችሁ ቤት ጀምሩ

ትንሽ ቃል ስትቀየር ትርጉም ይገለበጣል ብለን በእንግሊዝኛ እንማረራለን። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ዳኛው ፈረደለት። ዳኛው ፈረደበት። ግሱ አንድ ነው። አንዱ ግን እልል እያለ ቤቱ ይሄዳል፣ ሌላው ወህኒ ይወርዳል። መሰከረለትና መሰከረበት፣ ሳቀችለትና ሳቀችበት፣ ዘነበልንና ዘነበብን እንዲሁ ናቸው። ይህን ማንም በዝርዝር አላስተማረንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እንግሊዝኛውን ስትሰሙ «ይህ ለት ነው ወይስ በት?» ብላችሁ መጠየቅ ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። «ሺ ስሪው ዘ ቦል ቱ ሚ» ማለት ኳሱን እንድቀልበው ወረወረችልኝ ነው። «ሺ ስሪው ዘ ቦል አት ሚ» ደግሞ ኳሱን ወረወረችብኝ። በመጀመሪያው እጃችሁን ትዘረጋላችሁ፣ በሁለተኛው ጎንበስ ትላላችሁ። «ሻውት ቱ» እንዲሰማው ከሩቅ ጮክ ብሎ መናገር ሲሆን «ሻውት አት» ጮኸበት፣ ተቆጣው ነው። «ላፍ አት» ሳቀበት ነው።

ግን «አት» ሁሌ ክፉ ነው እንዳትሉ። «ስማይል አት» ፈገግ አለችለት ነው፤ ምንም ክፋት የለበትም። «አት» ዒላማ ናት። ድንጋይም ፈገግታም ወደ ዒላማ ይወረወራል።

ትክክለኛዋ የ«በት» እህት «ኦን» ናት። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ተመካክረው የሠሩት ይመስላል። «ማይ ካር ዳይድ ኦን ሚ» መኪናዬ ሞተችብኝ። «ሺ ሀንግ አፕ ኦን ሚ» ስልኩን ዘጋችብኝ። «ቺት ኦን» ማገጠበት። «ተርን ኦን ሚ» ተነሳብኝ። ከሁሉ የምወደው ደግሞ ይህን ነው፦ «ሂ ቶልድ ሚ» ነገረኝ ሲሆን «ሂ ቶልድ ኦን ሚ» አሳበቀብኝ ነው። አንዲት «ኦን» ወሬ ነጋሪውን አሳባቂ አደረገችው።

የኛ «በት» ደግሞ ጉዳት ብቻ አይደለችም፤ ተማመነበት፣ ሠራበት፣ ተወራረደበት እንላለን። እንግሊዝኛውም እግር በእግር ይከተላል። «ካውንት ኦን»፣ «ዎርክ ኦን»፣ «ቤት ኦን» ናቸው። በዚህ ደሞዝ ይኖርበታል ለማለት እንኳ «ሊቭ ኦን» ነው የሚባለው።

ዘዴው ሁሉን በር አይከፍትም። «ፑት ኦን» ልብስ መልበስ ነው፤ እዚያ «በት» ብትፈልጉ አታገኙም። ግማሽ መንገድ ያደርሳል፣ ያ ቀላል አይደለም።

2. አንድ ግስ ይዛችሁ ጭራዎቹን ቁጠሩ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» የተደረደረ ዝርዝር አውርደን ስንሸመድድ ነው። ሃምሳ ቃል ሸምድዶ በሳምንቱ አምስት የሚያስታውስ ሰው አይቻለሁ፤ እሱም እኔው ነኝ። ይልቅ አንድ ግስ ያዙና እስኪያልቅ አገላብጡት። እኔ የጀመርኩት በ«ሉክ» ነው።

«ሉክ አት» ማየት፣ መመልከት ነው፤ ዒላማ አለው። «ሉክ ፎር» መፈለግ ነው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው «አይ አም ሉኪንግ አት ማይ ኪዝ» ካለ ቁልፉ አልጠፋም፣ ፊቱ ነው ያለው። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው። አማርኛ እዚህም ይረዳናል። ጎረቤታችንን «ልጆቹን እያቸው» አንልም፣ «ልጆቹን እያቸውልኝ» እንላለን። ያቺ «ልኝ» ናት «አፍተር»።

«ሉክ ኢንቱ» ነገሩን ገባ ብሎ ማየት፣ ማጣራት ነው። ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ስትደውሉ «ዊ ዊል ሉክ ኢንቱ ኢት» ይሏችኋል። እናጣራለን ማለት ነው። መቼ እንደሆነ ግን አልነገሯችሁም።

«ሉክ አፕ» ሁለት ፊት አለው። ቃልን መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ «ሉክ አፕ» ነው። «ቲንግስ አር ሉኪንግ አፕ» ሲባል ደግሞ ነገሩ እየተሻሻለ ነው ማለት ነው። «ሉክ አፕ ቱ» ስትሆን ማክበር፣ አርአያ ማድረግ ትሆናለች። ተቃራኒዋ «ሉክ ዳውን ኦን» ናት፤ ቃል በቃል ዝቅ አድርጎ ማየት። እዚህ መማር ያለብን ነገር የለም፣ የራሳችን አባባል ነው።

«ሉክ ኦቨር» እና «ኦቨርሉክ» ያጣሏችኋል። የመጀመሪያው ወረቀቱን አገላብጦ ማየት ነው። ሁለተኛው፣ ጭራዋ ከፊት የገባችበት፣ ሳያዩ ማለፍ ነው። አለቃችሁ ሰነዱን «ሉክ ኦቨር» አድርግ ብሎ ሰጥቷችሁ «አይ ኦቨርሉክድ ኢት» ብላችሁ ከመለሳችሁ፣ ሥራውን ሠርታችሁ ጥፋተኛ ነኝ ብላችኋል።

የመጨረሻው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ነው፤ በጉጉት መጠበቅ። ይህን የምንጽፈው ሥራ ስናመለክት ስለሆነ ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብሎ የማይጽፍ አበሻ ጥቂት ነው። ትክክሉ «ቱ ሂሪንግ» ነው። ይህቺ «ቱ» ከግስ በፊት የምትገባዋ «ቱ» አይደለችም፣ ጭራ ናት። ጭራን የሚከተለው ስም ወይም «ኢንግ» ያለው ግስ ነው። ስትጠራጠሩ ቦታዋ ላይ ስም አስገቡ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊደይ» ያስኬዳል። ስለዚህ ጭራ ናት።

3. የጭራዋን ሥዕል ፈልጉ፤ በተለይ የ«አፕ» እና የ«ኦፍ»

አንድ ግስ ከጨረሳችሁ በኋላ በተቃራኒው ሂዱ። አንድ ጭራ ያዙና ብዙ ግስ አስከትሉባት።

«አፕ» ወደ ላይ ማለት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ታዲያ «ኢት አፕ» ሲባል የሚበላው ወዴት ነው የሚወጣው? የትም። እኛ በላ እና ጥርግ አድርጎ በላ እንላለን። ጠጣ እና ጭልጥ አድርጎ ጠጣ እንላለን። ያቺ ጥርግ፣ ያቺ ጭልጥ ናት «አፕ»። «ኢት አፕ» ጥርግ ነው። «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ ነው። «ዩዝ አፕ» ሙጥጥ ነው። «ክሊን አፕ» ፅድት ነው። «ከት አፕ» ክትፍ ነው። ሥራው እስከ ጥጉ ሄዷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ዛፍን መጀመሪያ «ከት ዳውን» አድርገው ቀጥለው «ከት አፕ» የሚያደርጉት። መጀመሪያ ይጥሉታል፣ ከዚያ ለማገዶ ይከትፉታል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «አፕ»ን ስሰማ ወደ ጣሪያ ማየት ትቻለሁ።

«ኦፍ» ደግሞ መላቀቅ ናት። ከያዘው ነገር መለየት። ጫማ «ቴክ ኦፍ» ሲደረግ ከእግር ይለያል፣ ይወልቃል። አውሮፕላን «ቴክ ኦፍ» ሲያደርግ ከመሬት ይለያል፣ ይነሳል። «ጌት ኦፍ» ከአውቶቡስ መውረድ ነው። «ፔይ ኦፍ» ዕዳን ከፍሎ መገላገል ነው። «ፑት ኦፍ» ቀኑን ማራቅ፣ ማስተላለፍ ነው። «ኮል ኦፍ» ጨርሶ መሰረዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ከኃይሉ ተለየ፤ እኛስ «መብራት ሄደ» እንል የለ?

ደወሉስ? ጠመንጃ ሲተኮስ፣ በተለይ ሳይታሰብ ሲባርቅ፣ እንግሊዝኛው «ጎ ኦፍ» ነው። ታፍኖ የተያዘው ነገር ተላቀቀ። ደወሉም፣ ቦምቡም፣ የማንቂያ ሰዓቱም እንደዚያው «ባረቁ» ብላችሁ አስቡ። አለቃዬ ያኔ «ደወሉ ባረቀ እንዴ?» ብላኝ ቢሆን ኖሮ ሮጬ እወጣ ነበር።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፍባቸው። «አውት» ወይ ወደ ግልጽ ማውጣት ነው፣ እንደ «ፋይንድ አውት»፤ ወይ ማለቅና መጥፋት ነው፣ እንደ «ራን አውት ኦቭ» እና እንደ እሳቱ «ፑት አውት»። «ኦቨር» ተሻግሮ ማለፍ ነው። ከጉንፋን መዳን «ጌት ኦቨር» ነው፤ «ስታርት ኦቨር» ደግሞ እንደገና መጀመር። «ዳውን» መቀነስ፣ መውደቅ፣ እምቢ ማለት ነው፦ «ስሎው ዳውን»፣ «ብሬክ ዳውን»፣ «ተርን ዳውን»።

አንዳንዴ ደግሞ ሥዕሉ ይዘባረቃል። ፎርም «ፊል ኢን» አድርግ ቢሏችሁም «ፊል አውት» አድርግ ቢሏችሁም ሙላ ነው። አንዱ «ውስጥ» አንዱ «ውጭ» ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ግን «ፊል ኢን ፎር» ከሆነ ሰው ተክታችሁ ሥሩ ማለት ነው። «ፊል ሚ ኢን» ከሆነ ደግሞ ምን እንዳለፈኝ ንገረኝ ነው።

4. «ኢት» የት ትግባ?

ትርጉሙን አውቀን የምንወድቀው እዚህ ነው። መብራቱን አጥፋው ለማለት «ተርን ኢት ኦፍ» ነው። «ተርን ኦፍ ኢት» ስህተት ነው። ውሻውን ተንከባከበው ለማለት ግን «ሉክ አፍተር ኢት» ነው፤ «ሉክ ኢት አፍተር» አይባልም። ለምን?

አንዳንዷ ጭራ ከግሱ ጋር ናት፣ ሌላዋ ከተሳቢው ጋር። ከግሱ ጋር ያለችው «ኢት»፣ «ሂም»፣ «ዜም» የመሰሉ ተውላጠ ስሞች በመሃል እንዲገቡ ታስገድዳለች። ሙሉ ስም ከሆነ በሁለቱም በኩል ያስኬዳል። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ልክ ናቸው። ከተሳቢው ጋር ያለችው ግን መሃል ላይ ማንንም አታስገባም። ሁለት ጭራ ያላቸውማ አብዛኞቹ አይነጣጠሉም። «ፑት አፕ ዊዝ ኢት» ነው፣ ቻለው ማለት።

ጆሮም ይረዳል። «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል «ኦፍ» ጠንከር ብላ ትሰማለች። «ሉክ አት ኢት» ሲባል ግን «አት» ትዋጣለች፣ የሚጎላው «ሉክ» ነው። ብዙ ጊዜ የጎላችው ጭራ የምትነጠለዋ ናት።

እርግጠኛ ለመሆን የተማሪ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሎንግማን በድረ ገጽ በነፃ አሉ። «ሳምሲንግ» የሚለውን ቃል ከግሱና ከጭራው መሃል ካስቀመጡት ይነጠላል ማለት ነው። ከኋላ ብቻ ካስቀመጡት አይነጠልም። ሎንግማን ላይ ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ካያችሁ በሁለቱም በኩል ይሆናል ማለት ነው። እኔ ይህን ቀስት ለዓመታት ጌጥ ይመስለኝ ነበር።

5. አማርኛ የሚያሳስተንን ለይታችሁ ያዙ

አማርኛ ረዳን ብለናል፤ ያሳስተናልም። ጠበቀኝ፣ አዳመጠኝ፣ አስረዳኝ እንላለን፤ ምንም ጭራ የለም። ስለዚህ «ዌት ሚ»፣ «ሊስን ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ሚ» ይወጣናል። እንግሊዝኛው «ዌት ፎር ሚ»፣ «ሊስን ቱ ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ይፈልጋል። «ዌት ኦን» የምትባልም አለች፤ ምግብ ቤት ውስጥ እንግዳ ማስተናገድ ናት።

የተገላቢጦሹም አለ። ስለ ጉዳዩ ተወያየን ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንላለን። ወደ ክፍሉ ገባ ስለምንል «ኢንተር ቱ» እንላለን። ሁለቱም ጭራ አይፈልጉም። ከእሱ ጋር ተጋባች ስለምንል ደግሞ «ማሪድ ዊዝ» ይወጣናል። ትክክሉ «ማሪድ ቱ» ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ጠየቀ» ነው። በአንድ ግስ ጥያቄም እንጠይቃለን፣ ገንዘብም እንጠይቃለን፣ ታማሚም እንጠይቃለን። እንግሊዝኛው ይለያያቸዋል። ጥያቄ «አስክ» ነው። ብር ስጠኝ ለማለት «አስክ ፎር» ነው። ታማሚዋ እንዴት እንደሆነች ሌላ ሰው መጠየቅ «አስክ አፍተር» ነው፤ ሄዶ እሷን መጠየቅ ግን «ቪዚት» ነው። «አስክ አውት» ደግሞ እንውጣ ብሎ ለፍቅር መጋበዝ ነው። የታመመች የሥራ ባልደረባችሁን ልትጠይቁ ሄዳችሁ ጭራዋን ብታምታቱ ጉዳችሁ ነው።

«በ»ም ሸክሟ ብዙ ነው። በ2024፣ በዕለተ ሰኞ፣ በሁለት ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ በቢላ፤ ሁሉን ትችላለች። እንግሊዝኛ ለዓመትና ለወር «ኢን»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለሰዓት «አት» ይላል። ለመጓጓዣ «ባይ»፣ ለመሣሪያ «ዊዝ» ነው። ቆሞ መራመድ የሚቻልበት እንደ አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ያለው «ጌት ኦን» ይባላል፤ መኪናና ታክሲ «ጌት ኢን» ነው። የኛን ሚኒባስ ታክሲ ግን አጎንብሶ መራመድ ይቻላልና እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

6. የቢሮ ልብስና የቤት ልብስ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመናል። «ኢንቬስቲጌት» እናውቃለን፣ «ሉክ ኢንቱ» አናውቅም። «ፖስትፖን» እንላለን፣ ሰው ሁሉ «ፑት ኦፍ» ይላል። ምክንያቱ ሩቅ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ የመሳፍንቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ከእሱና ከላቲን የመጡት ቃላት የመጽሐፍና የቢሮ ሆኑ። ጭራ ያላቸው አጫጭር ግሶች የቤትና የገበያ ሆነው ቀሩ። እኛ ደግሞ እንግሊዝኛን ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው።

ደስ የሚለው ላቲኑም ጭራ አለው፤ ከፊት ገብታ ተደብቃ ነው እንጂ። «ፖስትፖን» ውስጥ «ፖስት» በኋላ፣ ቀሪው ማስቀመጥ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ያዙ። «ካንስል» ስታውቁ «ኮል ኦፍ»ን አጠገቡ ጻፉ። ለ«ቶለሬት» «ፑት አፕ ዊዝ»፣ ለ«ሰብሚት» «ተርን ኢን»። የሥራ ማመልከቻ ላይ የቢሮውን ልብስ ልበሱ፣ ሻይ ሰዓት ላይ የቤቱን።

አንድ ቦታ ላይ ግን የቤቱ ልብስ ግዴታ ነው፤ ክሊኒክ። ነርሷ «ዲድ ሺ ስሮው አፕ?» ካለች አስመለሳት ወይ ማለቷ ነው። «ፓስ አውት» ራስን መሳት ነው። «ፓስ አዌይ» ማረፍ፣ መሞት ነው። አንድ የማውቀው ሰው እናቱን ተሸክሞ ገብቶ «ማይ ማዘር ፓስድ አዌይ» ሲል ነርሶቹ ተጯጯሁ። እናትየው አጠገቡ ወንበር ላይ ውኃ እየጠጡ ነበር።

7. የሳምንት ደብተር

አሁን ሥራው። ትንሽ ደብተር ግዙ፣ ስልክ ላይ አይሁን። ለሳምንቱ አንድ ግስ ብቻ ምረጡ፤ «ፑት»፣ «ጌት»፣ «ተርን» ወይም «ቴክ» ለመጀመሪያ ይሆናሉ። ገጹን መሃል ላይ በመስመር ክፈሉት። በግራ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛውን። አማርኛውን ስትጽፉ እንደ መጽሐፍ አትተርጉሙ። ለጎረቤት እንደምታወሩት፣ ከነ«ለት»ዋ፣ ከነ«በት»ዋ፣ ከነ«ጥርግ»ዋ ጻፉት።

ለእያንዳንዷ ጭራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በአንዱ ስም ይኑር፣ በሌላው «ኢት» ወይም «ሂም»። ለምሳሌ «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» እና «ፑት ኢት ኦፍ»። ሁለተኛውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ምላስ ካልለመደው እጅ ብቻውን አያስታውስም።

ዓረፍተ ነገሮቹን ከራሳችሁ ቀን አውጡ። ሥራ ላይ የሰማችሁትን፣ አውቶቡስ ላይ የተጻፈውን፣ ልጆቻችሁ እርስ በርስ ሲጣሉ የሚሉትን። ልጆች ከማንም ይበልጣሉ፤ «ሂ ቶልድ ኦን ሚ»ን እኔ የተማርኩት ከልጄ ነው፣ ያውም እሱ እያለቀሰ።

እሑድ የግራውን በወረቀት ሸፍኑና ከአማርኛው ተነስታችሁ እንግሊዝኛውን በቃላችሁ በሉ። ያቃታችሁን ወደሚቀጥለው ሳምንት ገጽ አዛውሩት። ሦስት ጊዜ የተዛወረ ካለ ተዉት። ያ ቃል ኑሯችሁ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ሲመጣ ራሱ ይጮኻል፣ እንደኔ ደወል።